ባንኮሌ የሠራው ሳጥን

ከአርባ ዓመት በላይ የፍሪሜሰን ሚስት ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ስለ ምስጢር ማኅበራቸው፣ ስለ ሎጃቸው፣ በእርግጠኝነት የማውቀው ግን ጓንት ማጠብን ብቻ ነው። በየወሩ በሁለተኛው ሐሙስ ባሌ ኮርኔሊየስ ጥቁር ሱፉን ይለብሳል፣ ጠፍጣፋዋን ጥቁር ቦርሳ ብብቱ ሥር ይሸጉጣል፣ "አትጠብቂኝ" ብሎኝ ይወጣል። ቦርሳዋ ውስጥ ለስብሰባው የሚታጠቀው ሽርጥ አለ። እሱን እንዳልነካ ገና ሙሽራ ሳለሁ ተነግሮኛል። ነጩ የጥጥ ጓንት ግን ሲቆሽሽ ወደ እኔ ይመጣል። ምስጢር ሆነም አልሆነም፣ የቆሸሸ ነገር ሴት ጋ መምጣቱ አይቀርም።

ሲመለስ እጠይቀዋለሁ።

"ምን ስትሠሩ አመሻችሁ?"

"ወንድማማችነት።"

"ወንድማማችነት ደግሞ እንዲህ ዶሮ ዶሮ ይላል እንዴ?"

"ከስብሰባው በኋላ ትንሽ ቀመስን።"

በቃ፣ ከዚህ በላይ ከአፉ አይወጣም።

በእኛ በፍሪታውን ይሄ ብርቅ ነገር አይደለም። በመንገዳችን ካሉት የእንጨት ቤቶች በግማሹ እንዲህ ያለች ቦርሳ አለች፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡትም እነዚያው ሰዎች ናቸው። ልጅ ሲጠመቅ ቀድመው ይመጣሉ፣ ሰው ሲሞት ሬሳ ይሸከማሉ። እኔ የምጠላባቸው በር ሲዘጉ ብቻ ነው። አምና በነሐሴ አባቴ ሲሞት የገዛ ሳሎናችንን በር ዘጉብን።

አባቴም የሎጁ ሰው ነበር። ሬሳው ሳሎን ተጋድሞ እያለ የሎጁ ወንድሞች ሽርጣቸውን ታጥቀው መጡና ቤተሰቡን በትሕትና አስወጡን፤ የሚሰናበቱት ለብቻቸው ነው አሉ። ዝናቡ ይወርዳል። ወንድሜ ባንኮሌ፣ የአባቴ አንድዬ ወንድ ልጅ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ የአባቱ ስም በር ውስጥ ሲጠራ ይሰማል። ባሌ ኮርኔሊየስ ውስጥ ነው። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ዊልሞት ሪነርም ውስጥ ነው። ባንኮሌ ግን ውጭ።

"እትዬ፣" አለኝ ከቀብር ስንመለስ፣ "ሰው ሁሉ አባቴን ሲሰናበት እኔ ከውሻው ጋር ጣራ ሥር ተጠልዬ ነበር። እገባለሁ። ምን ብለው እንደሸኙት ማወቅ አለብኝ።"

ይህን የሚለው ሃምሳውን ያለፈ፣ ኪሲ መንገድ ላይ የቤት ዕቃ መሥሪያ ያለው፣ ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው። ከአባታችን ቤት ታችኛው ፎቅ ይኖራል፤ እኔና ኮርኔሊየስ ላይኛው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፉፉውን፣ የካሳቫ ገንፎውን፣ ከእኛ ጋር ነው የሚበላው። ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ሲል ኮርኔሊየስ ደስ ብሎት ሊያለቅስ ደረሰ። ስሙን ለሎጁ ያቀረበው እሱ ነው። ዊልሞት ደግሞ ደገፈው።

ስለ ዊልሞት አንድ ነገር ልበል። ከባሌ ጋር አብረው ተምረዋል፣ አብረው ጡረታ ወጥተዋል፣ ማታ ማታ በረንዳችን ላይ አብረው ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ሌላውን "ሽማግሌ ጉማሬ" ሳይለው ቀኑ አይመሽም። ዊልሞት ዘፍዘፍ ያለ፣ ብርቱካን የመሰለ ሸሚዝ የሚወድ፣ ከመንገዱ ጫፍ የሚታይ ሰው ነው። ሚስቱ ሌቲሻ "ሸሚዙን እያየሁ ነው ምሳ የማቀርበው" ትላለች።

ሳጥኑ የመጣው እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። ሎጁ አዲስ ሰው ሲቀበል ድምፅ የሚሰጥበት ሳጥን አለው፤ ከአያቶቻቸው ዘመን የቆየው ሳጥን በምስጥ ተበልቶ ኖሮ በሚያዝያ ውስጥ እጃቸው ላይ ፈረሰ። የሎጁ ጸሐፊ አዲስ እንዲሠራ ያዘዘው ባንኮሌን ነው። ወንድሜ ይሄን እንደ ትልቅ ክብር ቆጠረው፤ ከዘመድ የደበቀውን ምርጥ እንጨት አውጥቶ ሦስት ሳምንት ተጨነቀበት። ሲያልቅ ጠራኝና ሄጄ አየሁት።

እውነትም ያምር ነበር። ከፊቱ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ኳስ ይሰጠዋል፤ እጁን እስከ አንጓው ይከትና ውስጥ ካሉት ሁለት ጉድጓዶች በአንዱ ይጥላታል። አንደኛው መቀበል፣ ሌላኛው እምቢ ማለት ነው። ድምፅ እንዳይሰማ ውስጡ በጨርቅ ተለብጧል። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዲለይ ከሳጥኑ ፊት ላይ በአንዱ በኩል ነጭ፣ በሌላው በኩል ጥቁር ክብ ምልክት ተለጥፏል።

"አንድ ሰው ብቻ በጥቁሩ ከጣለ አለቀ፣" አለኝ ባንኮሌ፣ "ያ ሰው አይገባም።"

"አንድ ብቻ?"

"አንዲት ኳስ። ማን እንደጣላትም አይታወቅም። መጠየቅ ነውር ነው፣ መናገርም በመሐላ የተከለከለ።"

"ጉድ ነው! እኛ ዕድር ውስጥ ቢሆን ሳይነጋ ይታወቅ ነበር!" አልኩና እጄን ከተትኩ። "ነጩን ለምን በግራ በኩል አደረግኸው?"

"የድሮውን ምስጥ በልቶት በየት በኩል እንደነበር ማን ያውቃል? ለእጄ እንደመጣልኝ አደረግኩት።" ባንኮሌ ግራኝ ነው፤ እናታችን ማዕድ ላይ ያችን እጁን ስትመታው ነው ያደገው። "ምልክቱ እንደሆነ ይታያል። ዓይን ያለው ያያል።"

ሳቅኩና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከጭንቅላቴ ጠፋ።

በሰኔው ሁለተኛ ሐሙስ በባንኮሌ ላይ ድምፅ ተሰጠ። ዓርብ ጠዋት ኮርኔሊየስ ሻዩን ሳይነካ ግድግዳ ያያል። ባንኮሌ ከታች ወጣ፤ ፊቱ የእሱ አይመስልም።

"ወደቅኩ እትዬ።"

"ከየት?"

"ጸሐፊው አሁን መጥቶ ነገረኝ። በጥቁሩ አንድ ኳስ ተገኘ። የሎጁ አለቃ 'ስህተት ይሆናል' ብሎ ሁለተኛ አስጣላቸው። ሁለተኛም አንድ ኳስ።"

"ማን ነው?" አልኩ ሞኟ።

"ነገርኩሽ እኮ። አይጠየቅም።"

ኮርኔሊየስ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ ሻዩ ፈሰሰ። "ከሃዲ አለ መካከላችን! አንዴ ቢሆን እጅ ሳተ እላለሁ። ሁለቴ ግን አስቦበት ነው።"

እኔ ግራ ገባኝ። ባንኮሌን የሚጠላ ሰው በዚያ ሎጅ ውስጥ አላውቅም። የግማሾቹን አልጋ የሠራው እሱ ነው። ለልጆቻቸው ሠርግ ወንበር ያዋሰው እሱ ነው። ታዲያ ማን? ለምን? ደግሞስ ሰው እንዴት በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ይጨክናል?

ባሌ ግን መልሱን አግኝቻለሁ ብሎ ነበር። "ዊልሞት ነው።"

"በል ተው! አብደሃል እንዴ?"

"ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። ውጤቱ ሲነገር አንገቱን ደፋ። ስንወጣ 'እስቲ ዓይኔን እያየህ አንተ አይደለህም በል' አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ኮርኔ፣ ወደ ቤት ልሸኝህ' አለኝ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ይመልሳል?"

"ምን በድሎት?"

"ቁምሳጥኑን ረሳሽው?"

ከብዙ ዓመት በፊት ባንኮሌ ለዊልሞት የሠራለት ቁምሳጥን በሩ አልዘጋ ብሎ ተጣልተው ነበር፤ ሁለት ሳምንት ያልሞላ ጠብ። ለዚያ ብሎ ሰው ቂም ይቋጥራል? እኔ እንጃ። ወንዶች በር ዘግተው የሚያደርጉትን ስለማላውቅ፣ ምን ሊቋጥሩ እንደሚችሉም አላውቅም።

ባንኮሌ ግን ዊልሞትን ብቻ አልከሰሰም። ኮርኔሊየስ ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦ "ጋሼ፣ እርስዎ ያቀረቡት ሰው ነኝ። ሎጅዎ አባቴን ወሰደ፣ እኔን ተፋኝ። ከእንግዲህ ማዕድዎ ላይ አልቀመጥም።" ዕድሜውን ሙሉ "አንተ" ሲለው የኖረውን ሰው "እርስዎ" ሲለው ኮርኔሊየስ ባዶውን ስኒ ወደ አፉ ወሰደ። ባንኮሌ ወርዶ በሩን ዘጋ። ቅዳሜ ፉፉውን ሠርቼ ላክሁለት፤ ሳህኑ እንደተከደነ ተመለሰ።

ቤቱ እንደዚህ ሆነ። ከታች ያለው ከላይ ያለውን አያናግርም። ከላይ ያለው ማዶ ያለውን አያናግርም። ማዶ ያለው ደግሞ በመስኮቱ ቆሞ የእኛን በረንዳ ያያል። እኔ በሦስቱ መካከል ጓንት አጥባለሁ። የሰኔው ጓንት፣ የቀኙ፣ በዘንባባ ዘይት ተነክሮ ነበር የመጣው፤ አሽቼ አሽቼ አልለቅ አለ።

ይሄ ዘይት ያሳስበኝ ነበር። ኮርኔሊየስ ለዕቃ ጠንቃቃ ሰው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ግን ነገር ሁሉ ያመልጠው ጀመር። የዝንጅብል መጠጡን ከብርጭቆው ውጭ ይቀዳል። አንድ እሁድ አንዱ ካልሲው ጥቁር አንዱ ቡናማ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቤቴ ያለችውን፣ የምሰፋውን ልብስ የማለብሳትን ሰው የምታህል የልብስ ስፌት አሻንጉሊት ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም ሲላት አይቼ ሲቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። እሁድ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ማንበቡንም ለሌላ ሰው ለቀቀ።

"ዓይንህን ለምን አትታይም?" ስለው ይቆጣል።

"ዓይኔ ምንም አልሆነም። የፍሪታውን መብራት ነው።"

እሱም እውነት ነው፤ መብራቱ ከሚበራበት ሰዓት የሚጠፋበት ይበዛል። ስለዚህ አመንኩት። ማመን ይቀለኝ ነበር መሰለኝ።

ነሐሴ ሲቃረብ ጭንቀቴ በረታ። የአባቴ ዓመት ነው፤ አውጆ መደገስ አለበት። አውጆ ማለት ለሞቱት ማብላት ነው፦ ከጓሮ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከተሠራው ምግብ ሁሉ ተቆንጥሮ ይገባበታል፣ ከዚያ የቤቱ ታላቅ ወንድ ለሁለት የተከፈሉ የኮላ ፍሬዎችን ይጥላል። አራት ግማሽ ነው። ሁለቱ ጠፍጣፋቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ሁለቱ ከተደፉ፣ ሙታን ተቀብለዋል፤ እልል ይባላል፣ ይበላል። አራቱም ከተደፉ ግን ከቤተሰቡ አንዱ በልቡ የያዘው ነገር አለ። ያ ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተናግሮ ካልተገላገለ ያ ሁሉ ድስት አይቀመስም። የተጣላ ቤተሰብ ይዤ እንዴት አባቴ ፊት እቀርባለሁ? እንዲህ ተለያይተን አውጆው ከከሸፈ ባንኮሌ ዕቃውን ጭኖ እንደሚሄድ ነግሮኛል። ቦ ከተማ ካለችው ልጁ ጋ፣ ላይመለስ። ወንድሜን ላጣው ነው።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ዊልሞት ተሻገርኩ። ሬዲዮ ፈታቶ ጠረጴዛው ላይ በትኖ ነበር።

"ኢያሚዴ! በሰላም ነው? ጉማሬው ደህና ነው?"

"ደህና አይደለም። አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?"

ብሎኑን አስቀመጠ። "እኔ ነኝ በይው።"

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ በይው ነው ያልኩሽ።"

"ዊልሞት፣ ይሄ እኮ መልስ አይደለም።"

"ለአንቺ ያለኝ መልስ ይሄው ነው።"

"ቁምሳጥኑ ነው?"

ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተበላሸ። "ያ ቁምሳጥን ዛሬም አይዘጋም፤ ሌቲሻ በገመድ አስራዋለች። ለዚያ ብዬ የባንኮሌን ልብ እሰብራለሁ? ልጁ እኮ እጄ ላይ ነው ያደገው።"

"ታዲያ አይደለህማ!"

"ነኝ በይው አልኩሽ እኮ! ቁጣው እኔ ላይ ይረፍ። ትከሻዬ ሰፊ ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሐኪም ጋ ወስደሽዋል?" አለኝ።

"ምን ሆኖ?"

"ምንም። እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ። ያ አዲሱ ሳጥን ጥሩ ሥራ ነው አይደል? ትንሽ አስተውሎ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።"

ከገባሁበት በባሰ ግራ መጋባት ወጣሁ። ሰው ያልሠራውን ኃጢአት የእኔ ነው ብሎ ሙጭጭ ሲል የት ይታያል? ስለ ሳጥን ስጠይቀው ስለ ሐኪም፣ ስለ ሐኪም ስጠይቀው ስለ ሳጥን። ከደጁ ሆኜ ዞር ብዬ፣ "ለአባባ አውጆ ትመጣለህ፣" አልኩት፣ "ኮርኔሊየስን አልጠይቀውም። እኔ ነኝ የጠራሁህ።"

ቀኑ ደረሰ። ሴቶቹ ከማለዳ ጀምሮ ጓሮው ውስጥ ቦሎቄውን ቀቀሉ፣ ሙዙን ጠበሱ፣ አካራውን፣ የቦሎቄ ቂጣውን፣ ከዘይት አወጡ፣ ዝናቡም ለአባቴ ክብር ይመስል ጋብ አለ። ባንኮሌ ከታች ወጥቶ ከአጥሩ ጥግ ቆመ። "ለአባባ ነው የመጣሁት፣" አለኝ፣ "አልበላም።" ዊልሞት በዚያ ብርቱካን ሸሚዙ መጥቶ ከጉድጓዱ ማዶ ተገተረ። ፈራሁ፤ ኮርኔሊየስ አይቶት ይጮሃል፣ ያባርረዋል፣ ድግሱ ይፈርሳል ብዬ።

ኮርኔሊየስ ከኋላ በር ወጣ። ነጭ ልብሱን ለብሷል፣ የኮላውን ሳህን ይዟል። በዊልሞት አጠገብ፣ ክንድ ለክንድ ሊነካኩ ደርሰው አለፈ። "እንደምን አደራችሁ፣" አለ በጨዋ ደንብ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ አልፎም ሄደ። ይቅር ብሎታል እንዴ? መቼ? ለምን አልነገረኝም? ዊልሞትን አየሁት፤ ዊልሞት መሬት መሬቱን ያያል።

ምግቡ ወደ ጉድጓዱ ገባ፤ ውሃ ፈሰሰ። ኮርኔሊየስ ተንበረከከ፣ አባቴን በስሙ ጠራ፣ የሞቱትን ሁሉ በስማቸው ጠራና አራቱን ግማሽ ኮላ ጣለ።

አራቱም ተደፉ።

ሁላችንም አየን። ጀርባቸው ብቻ፣ አራት ድቡልቡል ጀርባ። ድስት የሚያማስሉት ሴቶች ሳይቀሩ ማማሰላቸውን ተዉ።

ኮርኔሊየስ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። "ሁለት ለሁለት! አባባ ተቀብሏል!"

ማንም እልል አላለም። ሰው ሁሉ እርስ በእርሱ ተያየ። ያሾፋል? ይዋሻል? በሙታን ፊት?

"ልክ ነው፣" አለ ዊልሞት ቶሎ ብሎ፣ "ሁለት ለሁለት። ተቀብሏል።" ኮላውን ሊሰበስብ ጎንበስ አለ።

የባሌ ፊት ተለወጠ። "ማን ነው? ዊልሞት? አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ሰላም ያለው ሰው እኮ ነው! ቅድም በአጠገቡ ያለፈው፣ ከመንገዱ ጫፍ የሚታየው ሸሚዝ! በዚያች ደቂቃ ዘንባባ ዘይቱ፣ ካልሲው፣ የልብስ ስፌቷ አሻንጉሊት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ወደ ባንኮሌ ዞርኩ። ባንኮሌ ባሌን አይደለም የሚያየው። የገዛ ግራ እጁን ገልብጦ ያያል። ያን ጊዜ የሳጥኑ ነገር ትዝ አለኝ። በየት በኩል እንዳደረገው ትዝ አለኝ።

ባንኮሌ ከአጥሩ ጥግ ተነሥቶ መጣ። ድምፁ ተሰባብሯል። "አዎ ጋሼ። ሁለት ለሁለት ነው። እኔም አይቻለሁ።"

"እሺ። ግን ይሄ ሰው እንዳይነካው፣" አለ ኮርኔሊየስ በቁጣ። "አትንካ ዊልሞት! የዚህ ቤት ኮላ በከሃዲ እጅ አይነሣም።" ራሱ ሊሰበስብ በጣቱ መሬቱን ይዳስስ ጀመር። አንዱን አገኘ። ሊያነሣው ሲል ቆመ። ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሁለተኛውን ፈለገ፣ ዳሰሰ። ሦስተኛውን። አራተኛውን።

እንደተንበረከከ ቆየ።

"ሁሉም ተደፍተዋል፣" አለ ቀስ ብሎ።

አራቱንም በግራ እጁ ሰበሰበ።

"ሁላችሁም አይታችኋል። ለምንድን ነው የዋሻችሁልኝ?"

ዊልሞት እንደ ሕፃን በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ይጠርጋል። ኮርኔሊየስ ፊቱን ወደ ሸሚዙ አቅጣጫ፣ ከዚያ የባንኮሌ ድምፅ ወደመጣበት አዞረ። ሲያስብ አውቀዋለሁ፤ ግንባሩ መሃል ላይ አንዲት መስመር ትወጣለች። ወጣች።

"ባንኮሌ።"

"አቤት ጋሼ።"

"አዲሱ ሳጥን ላይ፣ ነጩ በየት በኩል ነው?"

ባንኮሌ እኔን አየኝ፣ ዊልሞትን አየ። እንዲዋሽ ፈለግሁ። እንዳይዋሽም ፈለግሁ።

"በግራ ነው፣ ጋሼ።"

"የድሮው በቀኝ ነበር።"

"አላወቅሁም። እግዚአብሔርን፣ አላወቅሁም ነበር።"

"በቀኝ ነበር፣" አለ ኮርኔሊየስ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ "ከወጣትነቴ ጀምሮ በቀኝ ነበር።" ቀኝ እጁን አንሥቶ ፊቱ ላይ አስጠግቶ ሊያያት ሞከረ። ከዚያ ጉድጓዱ ላይ ተደፋ።

"አባባ፣" አለ፣ "ዓይኔ ጠፍቷል። ሚስቴንም ወንድሞቼንም ደብቄያቸው ነበር፤ አፍሬ ነው። ሌላም ነገር አለ። እሱን ልናገረው አልችልም፤ መሐላው ምን እንደሚል አንተም ታውቃለህ። ግን አንተ ከመሐላው ወዲያ ነህ፤ ገብቶሃል። በወንድሜ ላይ ክፉ ተናግሬያለሁ። ልጅህንም አስቀይሜዋለሁ። ይሄው ነው በልቤ የነበረው።"

ለመነሣት ሲሞክር እግሩ የጉድጓዱን ጠርዝ ሳተ። "ዊልሞት፣ እጅህን ስጠኝ።"

ዊልሞት እየተጣደፈ ያዘው።

"ታውቅ ነበር?"

"ምኑን?" አለ ዊልሞት።

"አንተ ሽማግሌ ጉማሬ።"

"አንተ ነህ እንጂ፣" አለ ዊልሞት፣ እያለቀሰ።

እኔ የምሆነውን አጣሁ። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ይሄን ያህል ጊዜ አንድ ቃል ቢተነፍሱልኝ ምን ነበረበት? ደግሞ ልስቅ ፈለግሁ። ባሌን አቅፌ "ለምን አልነገርከኝም አንተ ግትር" ልለው ፈለግሁ፤ ግን አውጆው አላለቀም፣ ኮላው እንደገና መጣል አለበት። ኮርኔሊየስ የዊልሞትን ክንድ በአንድ እጁ እንደያዘ አራቱን ግማሾች ዘርገፍ አድርጎ ጣላቸው። ወደ መሬቱ እንኳ አላየም።

"ባንኮሌ፣ ና ወደዚህ። አንተ የአባትህ ልጅ ነህ። እንዴት ወደቀ?"

ባንኮሌ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ።

"ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች፣" አለ። "አባባ ተቀብሎሃል፣ ጋሼ። አሁን አንተም ተቀመጥ፣ እንብላ።"

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እውነቱን ለመናገር እኔ እንባዬ ጋርዶኝ ኮላው እንዴት እንደወደቀ አላየሁም። ወንድሜን አመንኩትና ለእሱም ሳህን ላመጣ ወደ ውስጥ ገባሁ።